ዓርብ ቢላ አይሳልም

ሰው ቤት ስጋበዝ ልጆቼ ያፍሩብኛል። ማዕድ ቀርቦ ሰው ሁሉ እጁን ሲሰነዝር እኔ ቢላዋውን አነሳና የአውራ ጣቴን ጥፍር በስለቱ ላይ ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ ቀስ አድርጌ አስኬዳለሁ። ከዚያ ገልብጬ በወዲያኛው ጎኑ። ጥፍሬን ካልያዘው እበላለሁ። ከያዘው ዳቦውን በእጄ እቆርሳለሁ እንጂ በዚያ ቢላ የተቆረጠ ስጋ አልነካም። ትንሿ ልጄ «ኢማ፣ ዳይ!» ትለኛለች፣ እማዬ በቃሽ ለማለት። በቃኝ ማለት ብችል ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። እዚሁ እስራኤል አገር፣ ፔታህ ቲክቫ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፤ መሐል ላይ አንድ ዓመት ጊቫት ሽሙኤል ያለ ትምህርት ቤት ምሳ እንድሠራ ልከውኝ ነበር፣ አልተስማማኝም፣ ተመለስኩ። ስሸኝ አበባ ሰጡኝ፣ በመስታወት የገባ ወረቀት ሰጡኝ። የፔንሲያውን ፎርም ልጄ ሞላችልኝ። «ሌላ የምትፈልጊው አለ?» ሲሉኝ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ ቀይ ሳፋ ውስጥ የተቀመጠውን ጥቁር ሻካራ ድንጋይ ለመንኳቸው። መሐሉ ተበልቶ እንደ ኮርቻ ጎድጉዷል። አዲሷ ኃላፊ «ይሄማ ሊጣል ነበር» ብላ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። አሁን መስኮቴ ላይ ነው። ልጆቼ የቢላውን ነገር ጠባይ ነው ይሉታል፤ ጠባይ እንዳልሆነ እንዲያውቁ ብዬ ነው የምጽፈው። እነሱ አማርኛ ማንበብ ባይችሉም የሚያነብላቸው አይጠፋም።

እኔ የሽሬ ልጅ ነኝ፣ ቤተ እስራኤል። አማርኛውን ከባሌ፣ ጽሕፈቱን ከትምህርት ቤት አገኘሁት። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻና ማጭድ ይሠራል፣ ሲሠራ የዋለውን አመሻሽ ላይ ይስላል። እሱ ሲስል ድንጋዩ ላይ ውሃ የማንጠባጥበው እኔ ነበርኩ። ግን በአገራችን ብረት የሚነካ ሰው ይፈራል፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ገበያ ስንወርድ እናቴ ጆሮዬን ይዛ «የማን ልጅ ነሽ ቢሉሽ የገበሬ ልጅ ነኝ በይ» ትለኝ ነበር። ይህን ምክር ይዤ ነው ኢየሩሳሌም አገር የገባሁት። ሰው ቢጠይቀኝም ባይጠይቀኝም ድንጋይ አላውቅም፣ ብረት አላውቅም።

በሰማንያ አምስት፣ እንደ እዚህ አገር አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ወጥ ቤቱ ስገባ ባሌ ገና ሱዳን ነበር። ይኑር ይሙት የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ሁለት ሕፃናት ይዤ ሃዳር ጋኒም በሚባል ሰፈር አንድ ትንሽ ቤት ሰጥተውኝ ነበር። ስሜ ለተብርሃን ነው፤ ስንገባ የመዘገበችን ጸሐፊ ብርሃን በዕብራይስጥ ምን እንደሆነ አስጠየቀችና «ኦራ» ብላ ጻፈችኝ። ኦራ ሲሉኝ ሌላ ሰው የሚጠሩ እየመሰለኝ ወደ ኋላ እዞር ነበር።

ኃላፊያችን ዛሃቫ ትባላለች፣ ከሮማኒያ የመጣች፣ ቁመቷ አጭር ድምጿ ረጅም። የዳቦ ቅርፊት መሬት ወድቆ ካየች አንስታ ትስመውና ኪሷ ትከተዋለች። በጦርነቱ ጊዜ ልጅ ሆና ምን እንደበላች አንድ ቀን ብቻ ነግራናለች፤ አልደግመውም። ዕቃ የምታጥበው ደግሞ ትርንጎ ነበረች፣ የጎንደር ልጅ። እዚያ የአገር ቤት አማርኛ የምሰማው ከእሷ አፍ ብቻ ስለሆነ ብትሰድበኝም እወዳት ነበር።

በመጀመሪያው ወር የሰጡኝ ሥራ ድንች መላጥ ነው። ቢላዎቹ ዱልዱም ናቸው። ዱልዱም ቢላ ደግሞ ከስለታሙ ይብሳል፤ ይንሸራተትና እጅ ላይ ያርፋል። ሁለት ጊዜ ቆረጠኝ። ደሜ ምግቡን ያረክሳል ብዬ ስለፈራሁ በሦስተኛው ቀን ቢላዬን በሽርጤ ሸፍኜ በጓሮ በር ወጣሁ፣ የሲሚንቶው ደረጃ ላይ ውሃ አፈሰስኩና መሳል ጀመርኩ። እጄ ራሱ ነው የጀመረው ብል ይሻላል።

ቀና ስል ሞሪ ይሕያ ቆመዋል።

ሞሪ ይሕያ የወጥ ቤቱ ማሽጊያህ ነበሩ፤ የወተቱ ዕቃ ከስጋው እንዳይነካካ፣ ሁሉም በኦሪቱ ሕግ እንዲሠራ የሚቆጣጠሩ ማለት ነው። የየመን ሰው ናቸው። ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ አራጅ ነበሩ፣ ሞሪ ደግሞ በእነሱ ዘንድ መምህር ማለት ነው። «ሐ»ን እንደ እኛ እንደ ትግሬዎቹ ከጉሮሮ ሥር ስለሚያወጧት የሌላው ሰው ዕብራይስጥ ሲያመልጠኝ የእሳቸው ይገባኝ ነበር።

ቢላውን ተቀበሉኝና ጥፍራቸውን አስኬዱበት።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም» አልኩ።

«ማንም ጥሩ መምህር ነው» አሉ። «ግን ሲሚንቶ ቢላ እንደሚበላ ረስቶ አልነገረሽም። ነይ።»

በማግሥቱ ከቤታቸው ሁለት ሳፋ ይዘው መጡ፣ ቀይ ለስጋው ቢላ፣ ሰማያዊ ለወተቱ። በየሳፋው ሦስት ሦስት ድንጋይ፦ ሻካራ፣ መካከለኛ፣ ለስላሳ። ሴት ልጅ ድንጋይ ፊት መቀመጧ አላስገረማቸውም። ያስገረማቸው ውሃውን ሳይነግሩኝ ማንጠባጠቤ ነው፤ አንዴ በጎን አይተውኝ ፈገግ አሉ። የአባቴን ነገር የነገርኳቸው ከስንት ወር በኋላ ነው። «በእጅሽ ነግረሽኝ የለም እንዴ» አሉኝ።

ስለ ሻካራው ድንጋይ መጻፍ አለብኝ፣ ጣጣው ሁሉ ከእሱ ነውና። ሻካራው ጠጪ ነው። ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ትንንሽ አረፋ እየተፋ ይጠጣል፤ አረፋው ሳያቆም ቢላ አይነካውም። ሳይጠግብ ከነኩት ድንጋዩ ይደርቅና ብረቱን ይነክሳል። ሲስሉበት ከድንጋዩና ከብረቱ ግራጫ ጭቃ ይወጣል፣ ይህን ጭቃ አዲስ ሰው ቆሻሻ መስሎት ያጥበዋል። መታጠብ የለበትም፣ የሚስለው ግማሹ እሱ ነው። ቢላው ከድንጋዩ ላይ ብዙም ሳይቃና፣ ከጀርባው ሥር ሁለት ሳንቲም ተደራርቦ በሚገባበት ያህል ብቻ ከፍ ይላል። ድምፁን መስማት ነው። ድምፁ አንድ ዓይነት ከሆነ እጅሽ አልተዛነፈም።

ሻካራው ፈጣን ነው፤ ፈጣን ስለሆነ ይዋሻል። ጥቂት ከሄድሽበት በኋላ በወዲያኛው ጎን በጣት የሚታወቅ ቀጭን የብረት ጠርዝ ይታጠፋል። አባቴ የስለቱ ጸጉር ይለው ነበር። ያን ጊዜ ቢላው ጸጉር ይላጫል፣ ወረቀት ይሰነጥቃል፣ አዲስ ሰው ተሳለ ብሎ ይደሰታል። ገና አልተሳለም። ያ ጸጉር በመካከለኛውና በለስላሳው ድንጋይ እስኪወርድ ድረስ ስለት አይደለም፣ ሊወድቅ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ የሞሪ ይሕያ ትልቁ ሕግ አንድ ነበር፦ ከሻካራው ተነሥቶ መስቀያ ላይ የሚወጣ ቢላ የለም።

እሳቸው ሻካራው ላይ እያሉ አያወሩም። ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀሳል፣ መዝሙረ ዳዊት ነው፤ አንድ መዝሙር በአንድ ጎን፣ አንድ መዝሙር በሌላው ጎን፣ እንዲያ ነው የሚቆጥሩት። እኔም የቄሶቻችንን ጸሎት በውስጤ እል ነበር። ሲጨርሱ ቢላውን በነጭ ጨርቅ ጠርገው በጥፍር፣ ከዚያ በጣታቸው ሥጋ፣ ከዚያ እንደገና በጥፍር ይፈትሹታል። አንዲት የምትይዝ ነገር ካገኙ ሳይበሳጩ ከሻካራው ይጀምራሉ። «ዓይን ሽማግሌ ነው፣ ጥፍር ግን አያረጅም» ይሉኝ ነበር።

ከእሳቸው ጋር ስሆን ፍርሃቴ ይቀንስልኝ ነበር። ዓርብ ግን ይመጣል።

ዓርብን በእኛ አገር ለማያውቅ ልንገር። ቀትር ሲያልፍ ሥራ ያበቃል። ሰው ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ ነጭ ይለብሳል፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል። እናቴ ጥላው ከበሩ ጉበን ሲደርስ የያዘችውን ነገር ሁሉ ታስቀምጥ ነበር፤ ማሰሮ ብትሆን ማሰሮ፣ ወንፊት ብትሆን ወንፊት። ጥላው ከደረሰ በኋላ የተነካ ሥራ በረከት የለውም። እዚህ ግን ሰው ሰንበት ሊገባ ጥቂት ደቂቃ እስኪቀረው ድረስ ይጋግራል፣ ይጠርጋል፣ ይጮኻል። እኔ ከወጥ ቤቱ ጓሮ ያለውን የጥድ ዛፍ ምልክት አድርጌ ነበር። ጥላው የጋዝ ሲሊንደሮቹ ጋ ሲደርስ እጄን እሰበስባለሁ። ዛሃቫ ፈቅዳልኝ በጊዜ እወጣለሁ፣ ግን በነፃ አትለቀኝም።

«ፀሐይ ሰማይ ላይ ናት እኮ ኦራ! የአንቺ ሰንበት በአውሮፕላን ነው እንዴ የሚመጣው?»

ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን፣ ስቄ ሰንበትን አቃለልኩ ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ።

ያ ዓርብ የዚህ አገር ክረምት መሐል ነበር፣ ቀኑ አጭር። ዋዜማውን አንዱ አብሳይ በረዶ የሆነ ዶሮ በትልቁ የስጋ ቢላ ሲፈልጥ ስለቱን ሸርፎት ነበር። ጠዋት ዛሃቫ ቢላውን ፊቴ አስቀመጠችው።

«ለሰንበቱ ስጋ አድርሺልኝ።»

ሞሪ ይሕያ ጉንፋን ይዟቸው በጊዜ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ካፖርታቸውን ደርበዋል። ሽርፋቱን በጥፍራቸው ነኩት።

«ይሄ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

«እጨርሰዋለሁ» አልኩ።

አላስጨነቁኝም። ሄዱ።

ሽርፋት የሚወጣው ሌላውን ስለት ሁሉ እስከ ሽርፋቱ ድረስ በመብላት ነው። ሻካራው ላይ ሰባት ስምንት ጊዜ ወዲህና ወዲያ ጎኑን እያገላበጥኩ ሄድኩ። ጉድለቱ ከላይ ጠባብ መስሎኝ ነበር፣ ወደ ውስጥ ግን ይሄዳል። ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ጣቶቼ ደነዘዙ። ሽርፋቱ በመጨረሻ ጠፋ፤ ግን ስለቱ ሳስቷል፣ ከዳር እስከ ዳርም ወፍራም ጸጉር አውጥቷል። መካከለኛው ድንጋይ ገና አልተነካም። ቀና ስል ጥላው ሲሊንደሩ ጋ ደርሷል።

እጄን ሰበሰብኩ።

ቢላውን አጠብኩ፣ ጠረግሁ። ሳፋው ውስጥ ልተወው አልኩ፣ ውሃ ውስጥ ያደረ ብረት ይዝጋል። ጠረጴዛ ላይ ልተወው አልኩ፣ ሰው ይቆረጣል። መስቀያው ላይ፣ ዳር፣ ስለቱን ወደ ግድግዳው አዙሬ ሰቀልኩት። ስጋው በዚያ ቢላ እንደሚቆረጥ አውቃለሁ። ለዛሃቫ አልጨረስኩም ማለት ነበረብኝ። ዕብራይስጡን አውቀዋለሁ፣ «ሎ ጋማርቲ»፣ ሁለት ቃል ነው። ለምን ስትለኝ ሰንበቴ ደረሰ ልላት ነው፣ እሷም ልትስቅብኝ ነው። ለዚያች ሳቅ ብዬ ሁለቱን ቃል ዋጥኳቸው። ዛሃቫ የስጋውን ድስት ስታወጣ ስለቱ የዞረውን አይታ የቀረ ሥራ መሆኑን ታውቃለች ብዬ ራሴን አታለልኩ። ያን ምልክት የምናውቀው እኔና ሞሪ ይሕያ ብቻ ነበርን።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ ታጠብኩ፣ ነጭ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን ደረብኩ። ቆይቻለሁ፤ ሰንበት ስለሆነ ጸሎቴንም እዚያው አደረስኩ። ስወጣ «ሻባት ሻሎም» ልል በወጥ ቤቱ በኩል አለፍኩ። ትርንጎ ቢላውን በሳሙና እያሸች ነው።

«አይ ለተ» አለችኝ፣ «ይቺ ሙሽራ ቢላሽማ ዛሬ ጉድ ሠራች። ዛሃቫ አጥንቱን ከነስጋው ቀጭ ቀጭ! ሁለት ጊዜ እየመታች!»

እጄ ሄዶ ቢላውን ተቀበላት። ጥፍሬን አስኬድኩ። መሐሉ ላይ ያዘኝ።

ያ ሽርፋት የድሮው አልነበረም። የድሮውን በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ። ይሄ አዲስ ነው፣ የገብስ ፍሬ ግማሽ ያህላል፣ ብረቱም እዚያ የለም።

«ትርንጎ፣ ስጋው የት ነው?»

«ትሪው ላይ ነዋ። ሰማንያ ሰው ይጠብቀዋል። ምነው ፊትሽ?»

አሳየኋት። ቀስ ብላ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ወደ በሩም ዞር ብላ አየች።

«ስሚኝ እታለም። ይሄን ለማንም አትንገሪ። ቢውጡ ቅንጣት ብረት ነው፣ መርዝ አይደል። ብትናገሪ የሚባረሩት እነሱ አይደሉም፣ እኛ ነን። ልጆችሽን ምን ልታበያቸው ነው?»

«የበላ ሰው አለ?»

ቧንቧውን ዘጋች።

«ሳቭታ ሬጂና» አለች። «መድኃኒት ስላላቸው ቀድመው ነው የሚበሉት። እኔው ነኝ ያደረስኩላቸው። ደቅቆ፣ ከድንች ጋር። ሳህኑን ልሰውት ነው የመለሱት።»

ሳቭታ አያት ማለት ነው፤ ሳቭታ ሬጂና ከቡልጋሪያ የመጡ፣ ሰውነታቸው የደረቀ ቅጠል የሚያህል አሮጊት ነበሩ። ያን ብረት አንጀታቸው ውስጥ አየሁት። እስከ ዛሬም አየዋለሁ።

ዛሃቫ ጋ ሄድኩ። ምን ዓይነት ዕብራይስጥ እንደተናገርኩ አላውቅም፤ ቢላውን አሳየሁ፣ ስጋውን አሳየሁ። ገባት። አልጮኸችም፣ እሱ ባሰብኝ። ለነርሷ ስልክ ደውላ የሳቭታ ሬጂናን ነገር ነገረቻት። ከዚያ በሩን ዘጋችና «ያላ፣ እንፈልግ» አለች።

መክተፊያውን ገለበጥን፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግን፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ስጋ በጣታችን ዳሰስን። መረቁ ቀረ። ማጥለያው ቀዳዳው ሰፊ ነው። ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩ።

«የሰንበት ነጠላሽን!» አለች ትርንጎ።

«ያዢው በዚያ በኩል።»

በእኔ ቆጠራ ሰንበት ገብቷል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ እያልኩ መረቁን በነጠላዬ አጠለልኩት። ሦስተኛው ጭልፋ ላይ ነጩ ጨርቅ መሐል አንድ ነገር ብልጭ አለ።

ዛሃቫ ነጭ ሳህን አመጣች። ሽራፊውን በሌላ ቢላ ጫፍ ገፋ አድርገን ከሽርፋቱ ጋር አጋጠምነው። ገባ። ቦታው ነው።

«ባሩኽ ሃሼም!» አለች ዛሃቫ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ማለቷ ነው፣ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ። «በሰደር፣ ደህና ነው። ተገኘ። በሰደር።»

ትርንጎም እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ግን ጥፍሬን አስኬድኩ። ከስለቱ ወደ ሽራፊው በሰላም ተሻገረ። ከሽራፊው ወደ ስለቱ ሲመለስ ግን ያዘው። ደገምኩት፣ ያዘው። ከሽራፊው ጫፍ ላይ አንዲት ቅንጣት ትጎድላለች። የጤፍ ፍሬ ብታህል ነው። ዓይን አያያትም።

ሁለቱም ያዩኛል። ሰማንያው ትሪ ተደርድሯል። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ ቢላውን እሑድ ሻካራው ላይ አድርጌ ሽርፋቱን ስበላው ምልክቱም አብሮ ይጠፋል።

«ይጎድላል» አልኩ።

«ማን አለ?» አለች ዛሃቫ።

አውራ ጣቴን አሳየኋት።

በራሷ ጥፍር ሞከረች። ሳሙናና ክሎር የበላው ጥፍር ነው፣ ምንም አልነገራት። ፊቴን አየችኝ። ከዚያ ተነሣችና የመጀመሪያውን ትሪ አንስታ ስጋውን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገለበጠችው። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ልረዳት እጄን ስዘረጋ በክርኗ ገፋችኝ። ያቺ የዳቦ ቅርፊት የምትስም ሴት ሰማንያውንም ራሷ ገለበጠች።

«ትርንጎ፣ እንቁላል ቀቅይ» አለች። ወደ እኔ ሳትዞር ደግሞ፣ «አንቺ ሂጂ። ሰንበትሽ ገብቷል አይደል? ሂጂ።»

ሰንበቱን እንዴት እንደዋልኩ የማውቀው እኔ ነኝ። ሥራዬ ቀርቶብኝ እንደሆነም ያሰብኩት ትንሽ ነው። የማስበው ሳቭታ ሬጂናን ነው። ጠዋት ልጆቹን ጎረቤት ትቼ በእግሬ ተነሣሁ። በሰንበት ይህን ያህል መንገድ መሄድ በእኛ ሥርዓት አይገባም፤ እየሄድኩ እርምጃዬን እቆጥር ነበር፣ ቁጥሩ ሲበዛ ደግሞ ፈርቼ መቁጠሬን ተውኩ። ጎዳናው ባዶ ነው፣ መኪና የለም። ከሩቁ የሕንፃውን በር ሳይ አምቡላንስ የቆመ መስሎኝ ባለሁበት ቆምኩ። የዳቦ መኪና ነበር፣ ለሰንበት የቆመ።

ሳቭታ ሬጂና መስኮት ሥር ብርድ ልብስ ታቅፈው ተቀምጠዋል።

«ማነሽ?» አሉኝ።

«ኦራ። ወጥ ቤት።»

«አሃ! ትናንት ምን ሆናችሁ ነው? እኔ ስጋ በላሁ፣ እነዚህ ሁሉ እንቁላል። ሌሊቱን ቀንተውብኝ ሲያጉረመርሙ አደሩ።»

«ሆድዎ ደህና ነው?»

«ሆዴ? ሆዴ የራሴ ነው፣ አንቺን ምን አገባሽ? ደግሞ ያቺም ነርስ ሌሊቱን ሁሉ ሆድ ሆድ ስትለኝ ነው ያደረችው። በዚህ ዕድሜዬ ያረገዝኩ መሰላችሁ?»

አልቅሼ ነበር መሰለኝ፣ የብርድ ልብሳቸውን ጫፍ ሰጡኝ።

እሑድ ጠዋት ሽርጤን አጥቤ፣ አጣጥፌ፣ ልመልስ ሄድኩ። ሞሪ ይሕያ እያሳሉ ጓሮው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ቀዩ ሳፋ አጠገባቸው ነው፣ ሻካራው ድንጋይ ተዘፍዝፎ አረፋውን ጨርሷል፣ ቢላው ነጭ ጨርቅ ላይ ተጋድሟል። ዛሃቫ ሁሉን ነግራቸዋለች። ለምን ሰቀልሽው ብለው አልጠየቁኝም።

«መቼ ነው ያቆምሽው?»

«ጥላው ጋዙ ጋ ሲደርስ።»

«እናትሽስ መቼ ታቆም ነበር?»

«ያኔውኑ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ማቆምሽ ጥፋት አይደለም። ዓርብ መጀመርሽ ነው ጥፋቱ። ግማሽ ቀን ነው ስልሽ እጨርሰዋለሁ አልሽ። ዓርብ ግማሽ ቀን የት አለውና?» ቀጥለውም «እኔም ሰምቼሽ መሄድ አልነበረብኝም» አሉ።

«ሰማንያ ሰው ሰንበቱን ያለ ስጋ ዋለ ሞሪ።»

«እኔ በየመን በሬ አርጄ፣ ካረድኩ በኋላ ቢላውን ስፈትሽ ጥፍሬን ያዘኝ። ከቢላው ሽርፋት ከተገኘ ያ በሬ አይበላም። ድግሱ ሠርግ ነበር፣ መንደሩ ሁሉ ተጠርቷል። ተናገርኩ። ሰው ምስር በልቶ ሄደ።»

«ሙሽራው ምን አለ?»

«ምን ይላል፣ ሙሽራው እኔ ነኝ። ሚስቴ እስከ ዛሬ ምስር ስትሠራ ታነሣብኛለች።»

«ያቺ የጎደለችውስ?» አልኳቸው። «ሳቭታ ሬጂና ውስጥ ብትሆንስ? ልንገራቸው?»

«ነርሷ ታውቃለች፣ ሐኪሙም ያውቃል፣ እነሱ ይጠብቋቸው። አንቺ ፍርሃትሽን አታካፍያቸው፣ ለእሳቸው አይጠቅምም። በየቀኑ ሄደሽ ሆዳቸውን ጠይቂ። ይሄ ለሁለታችሁም ይጠቅማል።»

ከዚያ ጥቁር ቀለም አመጡና ከመስቀያው በላይ ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፉ፦ ዓርብ ቢላ አይሳልም። ዛሃቫም አነበበችው። ሽርጤን ስሰጣት «ምን ላድርገው? የሐሙስ ሥራሽን ማን ሊሠራልሽ ነው?» ብላ መልሳ ወረወረችልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሰንበቴ ቀልዳ አታውቅም። ጥላው ሲደርስ እኔ ብረሳ እሷ «ኦራ፣ ዛፉ!» ትለኛለች።

ባሌ በኋላ መጣ፣ ልጆች ተጨመሩ፣ ቅጥሬም ቋሚ ሆነ። ሞሪ ይሕያ ሲያርፉ ሳፋዎቹ ለእኔ ቀሩ። ያቺ የጤፍ ፍሬ የምታህል ብረት ግን አልተገኘችም። መክተፊያውን ስንት ጊዜ በጥፍሬ ዳሰስኩት። ምናልባት ከውሃው ጋር ሄዳለች፣ ምናልባት ቆሻሻው ውስጥ ከሰማንያው ስጋ በአንዱ ነበረች። ምናልባት።

የሞሪ ይሕያን ምክር ጠብቄ በየጠዋቱ ወደ ላይ እወጣ ነበር። «ሆድዎ ደህና ነው?» እላለሁ። መጀመሪያ ይቆጡኝ ነበር፣ በኋላ ይጠብቁኝ ጀመር። ቀርቼ ከዋልኩ «ዛሬ ሆዴን ማን ይጠይቀው?» ብለው ያስጠሩኛል። ሴት ልጃቸው ልትጠይቃቸው ስትመጣ እጄን ይዘው «አንቺ በዓመት ሁለቴ ትመጪያለሽ፣ ይቺ ኢትዮጵያዊት በየቀኑ ሆዴን ትጠይቃለች» አሏት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አምስት ዓመት ያህል ከኖሩ በኋላ እንደተኙ አረፉ። ሐኪሙ እርጅና ነው አለ። እኔ ደጋግሜ ጠየቅሁት፣ ሐኪሙ ታከተው። ለእሳቸው እስከ መጨረሻው አልነገርኳቸውም። በፍርሃት የጀመርኩት ጥያቄ መቼ ፍቅር እንደሆነ አላውቅም፤ ፍርሃቱም አብሮ ነበረ፣ አልወጣም።

ያ ግድግዳ ሁለት ጊዜ ተቀብቷል፣ ጽሑፉ ከቀለም ሥር ቀርቷል። የሸኙኝ ቀን ዓርብ ነበር። አዲስ የተቀጠረ ጢማም አብሳይ ከቤቱ ይዞት በመጣው መሳያ አንድ ቢላ ሊስል ሲል አዲሷ ኃላፊ እጁን ያዘችው።

«ዓርብ አይሆንም። እዚህ ዓርብ ቢላ አይሳልም።»

«ለምን?»

«ሕግ ነው።»

«የት የተጻፈ ሕግ? እኔ የሺቫ ገብቼ ኦሪት የተማርኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ የሚባል ሰምቼ አላውቅም። የማን ሕግ ነው?»

ኃላፊዋ ወደ እኔ ዞረች። «ኦራን ጠይቃት፣ እሷ ከድሮ ጀምሮ ነበረች።»

አበባውን እንደታቀፍኩ ሁሉም አየኝ።

«የሳቭታ ሬጂና» አልኩ።

ስማቸውን የሚያውቅ አንድም ሰው እዚያ አልነበረም። ሰውዬው ትልቅ የሃይማኖት ሴት መሰለችው መሰለኝ፣ «በሰደር» ብሎ ቢላውን ሰቀለው። ኬኩን ሊቆርሱ ወደ አዳራሹ ሲሄዱ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ቢላውን አወረድኩና ጥፍሬን አስኬድኩበት፣ በወዲህ ጎኑም፣ በወዲያ ጎኑም።